በቤት ኢንክጄት ፕሪንተር የሚታይ የቀለም ስሕተት፦ የመንሥኤ ልየታ ቅደም ተከተል ከሽሮ ሜዳ የጥበብ ሥራ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በቤት ውስጥ የሚያገለግል ኢንክጄት ፕሪንተር ከሚጠበቀው የተለየ ቀለም ሲያትም መንሥኤው እንዴት እንደሚለይ ይመረምራል። ለማሳያነት የተወሰደው በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ የሸማና የጥበብ ሥራ ነው። ስሕተቱ ከማሽኑ፣ ከወረቀቱና ከቅንብሩ፣ ከምስሉ ወይም ከብርሃኑ ሊመነጭ ስለሚችል፣ አራቱን በቅደም ተከተል አንድ በአንድ ማጣራት እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሕትመት የክርን ቀለም ሙሉ በሙሉ ሊተካ እንደማይችል ያመለክታል።

1. መግቢያ

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ በተራራው ግርጌ የሚገኝ የሀገር ባህል ልብስ ገበያ ነው። በአካባቢው በሽመና ከሚተዳደሩት መካከል ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋማ ምድር፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ባለሙያዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ነጩን ሸማ ከሌላው ሸማ የሚለየው በጠርዙ ላይ የሚያርፈው ጥለት ነው፤ ጥለቱ ደግሞ የሚታወቀው በንድፉና በቀለሙ ነው።

ደንበኛ የመረጠውን ጥለት ቤቱ አትሞ ለሸማኔ ሲሰጥ፣ ወረቀቱ በሁለቱ መካከል እንደ ውል ይሆናል። ሸማኔው በወረቀቱ ላይ ባየው መሠረት ወይን ጠጅ ክር ገዝቶ ከሠራ በኋላ፣ ደንበኛው የፈለገው ሰማያዊ እንደ ነበር ቢታወቅ፣ ያለቀ ጥለት ተተርትሮ ተመልሶ ክር አይሆንም። የሚጠፋው የክሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሸማኔው በጉድጓዱ ተቀምጦ ያሳለፋቸው ቀናትም ጭምር ናቸው። ስለዚህ የፕሪንተር የቀለም ስሕተት በዚህ ሥራ ላይ ተራ የቤት ውስጥ እክል አይደለም።

ችግሩን ከሚያወሳስቡት ነገሮች አንዱ ቋንቋው ነው። በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ዓይን የሚያየውንም፣ በጠርሙስ ያለውን ፈሳሽም ይጠራል። «ቀለሙ ተበላሸ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መፍትሔውን አዲስ ፈሳሽ በመግዛት ይፈልጋል፤ የተበላሸው ግን ፈሳሹ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ፈሳሹ «ኢንክ»፣ የሚታየው ደግሞ «ቀለም» ተብሏል።

2. ማሽኑ

ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በመደመር ሲሆን፣ ፕሪንተር ግን ከነጭ ወረቀት ላይ ከሚንጸባረቀው ብርሃን በመቀነስ ነው። ለዚህም በአብዛኛው አራት ኢንኮችን ይጠቀማል፤ እነርሱም ሳያን የሚባለው ውሃማ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ደማቅ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው።

ምርመራው ከማሽኑ እንዲጀምር የሚያደርገው ግልጽ ምክንያት አለ። የኖዝል ፍተሻ የሚባለውን ገጽ የሚያዘጋጀው ፕሪንተሩ ራሱ ስለሆነ፣ በውጤቱ ላይ ምስሉም ሆነ የምስል ማቀናበሪያው ፕሮግራም ድርሻ የላቸውም። በገጹ ላይ የተቆራረጠ ወይም የጠፋ መስመር ከታየ እክሉ ከኢንክ አወጣጡ ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ከሆኑ ግን መንሥኤው ወደ ሌሎቹ ደረጃዎች ይዞራል።

የትኛው ኢንክ እንደ ጎደለ ከታተመው ሥራም ማንበብ ይቻላል። አረንጓዴ የሚገኘው ከሳያንና ከቢጫ፣ ቀይ ከማጀንታና ከቢጫ፣ ሰማያዊ ደግሞ ከሳያንና ከማጀንታ ነው። በመሆኑም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ማንኛውም ጥለት በራሱ መመርመሪያ ይሆናል። ሳያን ሲጎድል አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ቀይ ይሄዳል፤ ቀዩ ግን አይለወጥም። ማጀንታ ሲጎድል ቀዩ ቢጫ፣ ሰማያዊው ውሃማ ይሆናል፤ አረንጓዴው ይጸናል። ቢጫ ሲጎድል ግን ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይናጋሉ፦ አረንጓዴው ውሃማ ሰማያዊ፣ ቀዩ ሐምራዊ ሲሆን ቢጫው ከወረቀቱ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሳይለወጥ የሚቀረው ሰማያዊው ብቻ ነው።

የኖዝል መዘጋት ዋነኛ ምክንያት የኢንክ መድረቅ ነው። ፕሪንተር ሥራውን ሲጨርስ ኢንክ የሚረጨውን ራስ ወደ ማረፊያው መልሶ በክዳን ይሸፍነዋል። መብራት በሕትመት መካከል ሲጠፋ፣ ወይም ማሽኑ በራሱ ማጥፊያ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ሲነቀል፣ ራሱ ሳይሸፈን ሊቀር ይችላል። በበጋ ደረቅ አየር ለሳምንታት ሳይሠራ የቆየ ማሽንም ለዚሁ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ማሽኑን አብርቶ በማጥፊያው በአግባቡ መዝጋት፣ በየሳምንቱም አንድ ባለቀለም ገጽ ማተም ይጠቅማል።

መዘጋት ከታየ ከፕሪንተሩ ጋር የሚመጣው የራስ ማጽጃ ትእዛዝ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሞከራል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም የኖዝል ፍተሻው ይደገማል። ለውጥ ከሌለ ማሽኑን ለሰዓታት አሳርፎ እንደገና መሞከር ይሻላል። እያንዳንዱ ጽዳት ኢንክ እየሳበ ወደ ቆሻሻ መምጠጫው ስለሚያፈስ፣ ያለማቋረጥ መደጋገም ኢንኩን ይጨርሳል፤ መምጠጫውንም ይሞላል። ታንክ ባላቸው ፕሪንተሮች ደግሞ በሙሌት ጊዜ አንዱ ኢንክ በሌላው ታንክ ተቀላቅሎ ከሆነ መስመሮቹ ሙሉ ሆነው ቀለማቸው ብቻ የተሳሳተ ይሆናል። ይህን ጽዳት አያስተካክለውም።

3. ወረቀቱና ቅንብሩ

ተራ ወረቀት ኢንክን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የፎቶ ወረቀት ግን ኢንኩን በላዩ ላይ ስለሚያቆየው ቀለሙ ይደምቃል። ፕሪንተሩ የሚረጨውን የኢንክ መጠን የሚወስነው ተጠቃሚው በመረጠው የወረቀት ዓይነት ነው። የፎቶ ወረቀት ገብቶ ቅንብሩ «ተራ ወረቀት» የሚል ከሆነ፣ ወይም ነገሩ ከተገለበጠ፣ ጤነኛ ማሽን የተሳሳተ ቀለም ያትማል። የቁጠባ ሕትመት የተመረጠ እንደ ሆነም ቀለሙ ይገረጣል።

ሁለተኛው የቅንብር ስሕተት የቀለም ማስተካከያ መደራረብ ነው። የምስል ማቀናበሪያው ፕሮግራም ቀለሙን ለፕሪንተሩ ካስማማ በኋላ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር እንደገና ካስተካከለው ውጤቱ ይዛባል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንደኛው ብቻ ሥራውን እንዲይዝ ማድረግ ይገባል። እንዲሁም የፕሪንተሩ የቀለም ፕሮፋይል የተዘጋጀው ለአምራቹ ኢንክ በመሆኑ፣ ሌላ ኢንክ ከተሞላ ፕሮፋይሉ እውነቱን አይናገርም።

4. ምስሉ

የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ዓይነት ገምቶ ነጭን ያስተካክላል፤ ግምቱም ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ረገድ ነጩ ሸማ ራሱ ምስክር ነው። በፎቶው ውስጥ ሸማው ቢጫማ ወይም ሰማያዊማ ሆኖ ከታየ፣ ጥለቱም በዚያው መጠን ተዛብቷል ማለት ነው። ምስሉ የሚመረመረው የስክሪኑ የሌሊት ሁነታ ጠፍቶ ሊሆን ይገባል፤ ይህ ሁነታ የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚቀንስ ትክክለኛውን ነጭ ቢጫማ ያስመስላል።

ከዚህ በተጨማሪ ስክሪን ማሳየት የሚችላቸውን ቀለሞች ሁሉ ኢንክ ማውጣት አይችልም። በስክሪን ላይ እጅግ የደመቀ ሰማያዊ በወረቀት ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው፣ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው ዓይነት አለመግባባት ያለ አንዳች ብልሽት ሊፈጠር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

5. ብርሃኑ

ሁለት ነገሮች በአንድ ብርሃን ሥር ተመሳስለው በሌላ ብርሃን ሥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህ ክሥተት ሜታመሪዝም ይባላል። ኢንክና የክር ማቅለሚያ የተለያየ ኬሚካዊ ይዘት ስላላቸው ለክሥተቱ የተጋለጡ ናቸው። በሱቅ አምፖል ሥር ከወረቀቱ ጋር የገጠመ ክር ደጅ ሲወጣ ላይገጥም ይችላል። በሕትመት ሙያ ለቀለም ማነጻጸሪያ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወደ 5000 ኬልቪን የተጠጋ ብርሃን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ መብራት በሌለበት ወረቀቱንና ክሩን በቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ማየት ተመጣጣኝ አማራጭ ነው። ንጽጽሩም ኢንኩ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ቅደም ተከተል በአንድ መርሕ ላይ የቆመ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ኢንክ፣ ወረቀትና ቅንብር በአንድነት ከተለወጡ ስሕተቱ ቢጠፋ እንኳ መንሥኤው አይታወቅም፤ ነገ ሲመለስም ምርመራው ከዜሮ ይጀምራል። የኖዝል ፍተሻ ሙሉ ሆኖ ሳለ ራስ ማጽዳት፣ የወረቀት ምርጫው ሳይታይ ኢንክ መግዛት፣ በአምፖል ብርሃን ብቻ መፍረድ የዚህ መርሕ መጓደል ምልክቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ የተስተካከለ ፕሪንተርም ወሰን አለው። የሚያብለጨልጭ ወርቅማ ክር ብርሃንን እንደ ብረት ስለሚያንጸባርቅ አራቱ ኢንኮች ቡናማ ወይም ደብዛዛ ቢጫ አድርገው ከማሳየት አያልፉም። ስለዚህ ሕትመት ለጥለቱ ንድፍ፣ ለስፋቱና ለቀለማቱ አደራደር ታማኝ መልእክተኛ ነው፤ የቀለሙ ውል ግን በክር ናሙና ቢታሰር ይበጃል። ከእያንዳንዱ ቀለም አንዳንድ ቁራጭ ክር በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ቢያያዝ፣ ደንበኛውና ሸማኔው የሚስማሙት በአንድ ነገር ላይ ይሆናል፤ የሸማኔው ድካምም በፕሪንተር ስሕተት ከንቱ አይቀርም።