ከሰው ተለየሁ ብሎ ስለሚያዝን ሰው

ወዳጄ ሆይ፥ በብዙ ሰው መካከል ተቀምጠህ ሳለ ብቻህን የሆንህ መስሎህ ያውቃልን?

ቆቦ በምሥራቅ ከዞብል ተራራ፥ በምዕራብ ከላስታ ደጋ መካከል ያለች ከተማ ናት። በገበያዋም ደገኛና ቆለኛ፥ አማርኛ ተናጋሪና ትግርኛ ተናጋሪ፥ አፋርም ይገናኛሉ፤ የአነጋገር ልዩነት መገበያየትን አይከለክላቸውም። ነገር ግን ከዚሁ ከራያ ቆላ የወጣ ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ በሄደ ጊዜ ባልንጀሮቹ በአነጋገሩ ይሥቁበታል። እርሱም አፍሮ የከተማውን ሰው አነጋገር ይቀዳል። እናቱ ስንቅ ይዛ በመጣች ቀን ግን ባልንጀሮቹ እንዳይሰሙአት ፈጥኖ ከደጅ ይመልሳታል። እነሆ፥ ከሣቅ አመለጠ፤ ነገር ግን የወለደችውን አሳዘነ። ሌላውም ስለ ተናቀ ተቈጥቶ በፈንታው ሰውን ሁሉ ይንቃል፤ ይህም ሁለተኛ ቍስል ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ ልጅ ይልቅ ከወገኑ እጅግ የራቀ አንድ ሰው በአገራችን ነበረ፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሒካ ነበረ፥ ትርጓሜውም አስተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 ነፃ ወጣ፤ ከዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ኋላም በስዊድን አገር ተማረ። በሄደበት ሁሉ ቋንቋው የእንግዳ ቋንቋ ነበረ፤ እርሱ ግን አልጣለውም። ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተለየ ቃል ባነሰው ጊዜ፥ እንደ እርሱ ከባርነት የዳነችው አስቴር ጋኖ ረዳችው። በ1893 አዲስ ኪዳን፥ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ከሰው የለየው ነገር የሥራው መሣሪያ ሆነ።

ስለዚህ ይህን ልብ በል።

አንደኛ፥ እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ በአንድ መልክ አልፈጠረምና ልዩነትህን እንደ ኃጢአት አትቍጠረው።

ሁለተኛ፥ ኀዘንህን ብቻህን አትሸከም፤ ለሚያስተውል ወዳጅ ንገር።

ሦስተኛ፥ የተለየህበትን ነገር ሰውን ለመጥቀም ሥራበት።

አራተኛ፥ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ሌሎች ቢሥቁበት አንተ አጠገቡ ተቀመጥ።

እናትህም ስንቅ ይዛ በመጣች ጊዜ ተነሥተህ ተቀበላት፤ በባልንጀሮችህም ፊት በገዛ አነጋገርዋ መልስላት።