ስለ ብጉር ማወቅ የሚገባን

ብጉር የንጽሕና ጉድለት አይደለም። በጉርምስና ጊዜ የወዝ ዕጢዎች ወዝ ያበዛሉ፤ የቆዳው ቀዳዳ ሲደፈን ተሐዋስያን ይራቡበትና ያብጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ፊትን በቀን 2 ጊዜ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤ አለመፈተግ፣ አለማፍረጥ። የጸጉር ቅባት ወይም ቅቤ ወደ ግንባር እንዳይወርድ መጠንቀቅ። ከመድኃኒት ቤት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ ገዝቶ በስሱ መቀባት። ለውጡ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈጅ በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ መጣል የለም።

«ፊት ያጠራል» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚቀባ ቤታሜታዞን ግን እንጠንቀቅ፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉሩንም ያባብሳል። ጠባሳ የሚተው ከሆነ፣ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሐኪሞች አሉት፤ ከለሚ ኩራ ቢርቅም ያዋጣል።

ሠልጣኞች ሆይ! ነገ ፊቱን በደብተር የሚከልል ተማሪ ይገጥመናል። «አትታጠብም እንዴ?» ብለን በክፍል ፊት አናሳፍረው፤ ለብቻው ጠርተን ይህን እንንገረው።