ለአዲሷ ዳይሬክተር

ልጄ፣ የሕክምና ምርምር የሚያካሂድ በጎ አድራጎት ድርጅት እንድትመሪ መሾምሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ቢሮው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው አሉኝ። ኪራዩን ስታዪ ደስታሽ ትንሽ ይቀንሳል። ገርጂ ብቅ ብለሽ ቡና እስክንጠጣ እነዚህን ምክሮች ያዥልኝ።

1. የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ሳታጠኚ ወንበሩ ላይ አትደላደዪ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ የልብስ ማጠቢያው ፍሬ በሽታውን ለመከላከል እንደሚያገለግል ገባቸው። ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከአቶ ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ደህናውን የእንዶድ ዓይነት ለዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። በመሃሉ 25 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት እንዶዱ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በተመሰከረለት ላቦራቶሪ ይረጋገጥ እየተባለ ነገሩ ተጓተተ። ፍተሻው ደግሞ ውድ ነው።

ሰው ይህን ታሪክ ለኩራት ያወራዋል። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ግኝቱ እጃችን ላይ ነበር፤ የጎደለን ገንዘብ የሚያፈላልግ፣ ደብዳቤ የሚያሳድድ፣ ዓመታቱን የሚችል ድርጅት ነው። አብዛኛውን ሩጫ ተመራማሪው ራሳቸው ሮጡት። አንቺ የተሾምሽው ያንን ሩጫ ከተመራማሪው ላይ ልታነሺ ነው። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ሲያልቅ ፋይሉ እንዳይዘጋ።

2. አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ አጠገብ አቋቋሙት፤ በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ገባ። ዛሬም አለ። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ማን ይረከባል የሚለውን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባሽ ላይ አንሺው፤ ቅር የሚለው ይኖራል፣ ይበለው።

3. የሆቴል ስብሰባ ቀንሺ። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪሽ ከገቢሽ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቦሌ ላይ ደግሞ የአንድ «ዎርክሾፕ» የሻይ ሰዓት ብቻ ስንቱን ይበላል! የራስሽ አዳራሽ ውስጥ ዳቦና ሻይ አስቀርቢ።

4. ከሁሉ በፊት ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣልሽ ጥሩ ትራንዚተር ያዢ። አልቀልድም። ሪኤጀንቱ ደረቅ በረዶ ውስጥ ታሽጎ ዓርብ ከሰዓት ቦሌ ካርጎ ይገባል፤ አንድ ማኅተም ይጎድላል፤ ፈራሚው ወጥተዋል፤ ሰኞ ተመለሱ ይባላል። በረዶው ግን ሰኞን አይጠብቅም። ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ለብ ያለ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ የስድስት ወር ሥራ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ለላኪው በደብዳቤ አስታውቂ፦ ዕቃ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብቻ ይግባ፤ ፈቃዱ ሳይያዝ አይጫን። ዶክትሬትሽ እዚህ ላይ አይረዳሽም፤ ትራንዚተሩን በስሙ ጥሪው፣ ልጁ ሲዳር ሂጂ።

5. አንድ ለጋሽ ላይ አትንጠልጠዪ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚህ ቃና ዘገሊላ ሲከበር፣ ዋሽንግተን ላይ በአንድ ፊርማ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት ቆመ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ቢሮ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፤ መድኃኒት ጀምሮ ክትትል ላይ ያለ ታማሚ ግን በኢሜይል አይቆምም። ለእሱ የሚሆን የስድስት ወር ገንዘብ ማንም በማይነካው ሒሳብ አስቀምጪ። ኦዲተርሽ ይጠይቅሻል፤ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ አስይዢው።

6. የምርምሩ ተሳታፊዎች የሚፈርሙትን የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ራስሽ ለእናትሽ ወይም ለጎረቤትሽ አንብቢላቸው። ካልገባቸው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቢያጸድቀውም መልሰሽ አስጽፊው።

7. ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ። ጆርናል ላይ መውጣቱን አልጠላም፤ ለደመወዝሽም ይጠቅማል። ነገር ግን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ደሟን የሰጠች ሴት በዓመቱ ስታገኝሽ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ያ ደሜ ምን ተገኘበት?» ነው። የመመለሻውን የመኪናና የነዳጅ ወጪ ፕሮፖዛሉ ላይ ከመነሻው አስገቢ። ለጋሹ ከቆረጠው፣ ከሠራተኛው አበል ቀንሰሽ ሙዪው፤ ከራስሽ ጀምሪ።