ሂስ ከማሽን፣ ግለ ሂስ ከራስ



አብዛኞቻችን ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ስለነበረ ድርሰታችንን መስመር በመስመር ያረመልን መምህር ያገኘን ጥቂቶች ነን። ቻትጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህንኑ ሥራ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል። ዋናው ጥያቄ እንዴት እንጠቀምበት የሚለው ነው።

በራሴ የደረሰውን ላቅርብ። ጁሜይራ ለሚሰበሰበው የጥናት ክበባችን የአንድ ምናባዊ በሽተኛ ታሪክ ለልምምድ ጻፍኩ። «ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ያስለዋል» ለማለት «ሂ ኮፍስ ሲንስ ስሪ ዊክስ» አልኩ። ማሽኑ «ሂ ኮፍት ፎር ስሪ ዊክስ» ብሎ አረመው፤ እኔም ሳላመዛዝን ገለበጥኩት። በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም። ትርጉሙ ግን «ሦስት ሳምንት አስሎት ነበር» ሆነ፤ በሽተኛው ሳሉ የተወው መሰለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚጠይቅ ምልክት ነው። ትክክለኛው «ሂ ሃዝ ቢን ኮፊንግ ፎር ስሪ ዊክስ» መሆኑን ያሳየችኝ የክበባችን አባል ናት።

የስሕተቱ ሥር አማርኛችን ነው። እኛ «ጀምሮ» ካልን በኋላ የአሁን ጊዜ ግሥ እንጠቀማለን፤ እንግሊዝኛ ግን ትናንት ተጀምሮ ዛሬም ለሚቀጥል ድርጊት የተለየ የግሥ መልክ አለው። ማሽኑ ግሡን ለወጠ እንጂ ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚህ ልምድ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን፦

1ኛ. በመጀመሪያ ያለ ማሽን መጻፍና ራስን ማረም፤ ግለ ሂስ ይቅደም።

2ኛ. «አስተካክልልኝ» በማለት ፈንታ «ስሕተቱን አመልክተኝ፣ ምክንያቱን አስረዳኝ፣ እርማቱን ለእኔ ተወው» ብሎ ማዘዝ።

3ኛ. እያንዳንዱን እርማት ወደ አማርኛ መልሶ ሐሳባችን እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ።

4ኛ. የሚደጋገሙ ስሕተቶችን በደብተር መመዝገብ።

5ኛ. የእውነተኛ በሽተኛን ስምና ምሥጢር ከቶ ለማሽን አለመስጠት።

6ኛ. ረቂቆችን ሁሉ ማስቀመጥ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የማሽን ጽሑፍን ይለያሉ የተባሉ ሰባት ፕሮግራሞች ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች መርምረው በአማካይ ከ61 በመቶ በላዩን በሐሰት «የማሽን ነው» ብለዋል። እንዲህ ያለ ክስ ቢመጣብን ምስክራችን ረቂቃችን ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ጽሑፍ ከነረቂቁና ከነእርማቱ ይዞ እንዲመጣ እናሳስባለን። እርስ በርስ እንተራረም።