በማዕበል መካከል የተቆረሰ እንጀራ



በአንድ የመምህራን ስብሰባችን ላይ ስለ ኑሮ ጭንቀትና ስለ እምነት ስንወያይ ከቆየን በኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ መምህር ተነሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ሕፃናቱን፣ እግዚአብሔር አባታችሁ ነውና አትፍሩ እያልሁ አስተምራለሁ። ማታ ግን የቤት ኪራዩን፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በዓረብ አገር ያለችውን እኅቴን እያሰብሁ ሳልተኛ ይነጋል። ታዲያ እኔ ግብዝ ነኝን?» አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ ከሁላችንም ፊት ይነበብ ነበር። በዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ስለ ነበረ (ስለ እርጋታ በጥድፊያ መመለሳችንን አንባቢ ልብ ሳይል አይቀርም) በዚህ እትም ነገሩን ረጋ ብለን ልንመለከተው ወደድን።

በመጀመሪያ የራሳችንን ቃል እናርም። ከመካከላችን አንዳንዶች «እምነት ያለው ሰው አይጨነቅም» ብለን ነበር። ይህን ያልን ሰዎች ጌቴሴማኒን ረስተናል። ጌታችን በዚያች ሌሊት ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለወዳጆቹ አልሸሸገም፤ አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው፤ በግንባሩም በምድር ላይ ወደቀ (ማቴ. 26፥37-39)። ወንጌላዊው ሉቃስ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ እንደ ነበር ጽፎልናል (ሉቃ. 22፥44)። ጭንቀትን መቅመስ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ኃጢአት የሌለበት እርሱ ባልቀመሰው ነበር። ያን ዕለት የጸለየው ጸሎትም ረጅም አልነበረም፤ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደገመው (ማቴ. 26፥44)። ሌሊት ቃል ጠፍቶት አንዲት ልመና ብቻ የሚደጋግም ምእመን ይህን ቢያስታውስ ጸሎቱን አይንቅም።

እንግዲህ ጥያቄው ማዕበሉ ተሰማን ወይስ አልተሰማንም የሚል ሳይሆን፣ ሲሰማን ምን እናስባለን፣ ምንስ እናደርጋለን የሚል ነው።

ቅዱስ ማርቆስ ስለ ታንኳይቱ የጻፈውን (4፥35-41) ሁላችንም እናውቀዋለን። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል በዚያ ሐይቅ ላይ ያደጉ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ፍርሃታቸው የአላዋቂ ፍርሃት አልነበረም፤ ውኃው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ጌታ ግን በኋላ በኩል ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ እርሱን በመቀስቀሳቸው እንደ ተወቀሱ አድርገን እናስተምራለን። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም፤ መቀስቀስማ ጸሎት ነው። የሚያሳዝነው የቀሰቀሱበት ቃል ነው፤ ስንጠፋ አይገድህምን ብለውታልና። ከማዕበሉ ይልቅ ልባቸውን ያናወጠው ይህ ጥርጣሬ ነበር፤ ጌታ አጠገባቸው ሳለ እንደማያስብላቸው ቈጠሩት።

ይህ ቃል በእኛም ቤት ይነገራል። ልጇ ወደ ቤይሩት ሄዳ ስልኳ ከተዘጋ ወራት ያለፏት እናት ትናገረዋለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የልጁን ሞት ወይም ሕይወት ሳያረጋግጥ የቀረ አባት ይናገረዋል፤ ወይም ሳይናገረው በልቡ ይይዘዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «አይዞህ፣ እመን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው ነፋሱን ከገሠጸ በኋላ መሆኑን እናስተውል። እኛም ልንመክር ስንሄድ አስቀድመን ከሰውዬው ጋር በታንኳው ውስጥ እንቀመጥ።

የጄኔቭ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፍራንሲስ ደ ሳልስ (እ.ኤ.አ. 1567-1622) ስለዚህ ጉዳይ አጥብቆ ጽፏል። በሀገራችን ወጣቶችን በማስተማር የሚታወቁት ሳሌዥያን ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ ከኃጢአት ቀጥሎ ነፍስን እንደ ጭንቀት የሚጎዳት ክፉ ነገር የለም። በወጥመድ መረብ የተያዘች ወፍ ለማምለጥ በተወራጨች መጠን መረቡ ይበልጥ እንደሚጠላለፍባት ሁሉ፣ ከችግሩ ቶሎ ለመውጣት የሚቻኰል ሰውም እንዲሁ ይሆናል ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ መንፈስህን አረጋጋ፣ ከዚያ በኋላ መፍትሔውን በቀስታ ፈልግ፤ የልብህንም ጭንቀት ለንስሐ አባትህ ወይም ለታማኝ ወዳጅህ ግለጥ ሲል ይመክራል። በችኮላ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ ወይም በደላላ ቃል ልጁን ወደ ባዕድ አገር ልኮ የተጸጸተ ሰው የመረቡን ምሳሌ በሚገባ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለመምህራን የምናሳስበው የሐዋርያት ሥራን 27ኛ ምዕራፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲጓዝ መርከባቸው በብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተያዘ። በመርከቡ 276 ነፍስ ነበረ። ዐሥራ አራት ቀን ያለ ምግብ ቆዩ፤ ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩአቸውም። በሌሊት አራት መልሕቅ በኋላ በኩል ጥለው ንጋትን ይናፍቁ ጀመር። (እንቅልፍ ያጣው መምህራችን ይህችን ሌሊት ከእኛ በተሻለ ይረዳታል።) ሊነጋ ሲል ጳውሎስ ምግብ እንዲቀምሱ ለመናቸው፤ እንጀራም ይዞ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቆርሶም ይበላ ጀመር። ያን ጊዜ ሁሉም ተጽናኑ፣ በሉም። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ከአደጋው ገና አልወጡም ነበር።

የጳውሎስ እርጋታ ዓይኑን የጨፈነ አልነበረም። መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በትንሿ ጀልባ ሊሸሹ ሲሉ ያስተዋለው እርሱ ነው። ደግሞም መልአኩ የነገረው ተስፋ ስለ ሰዎቹ ነፍስ እንጂ ስለ መርከቡ አልነበረም። መርከቡ ተሰበረ፤ ከፊሎቹ ዋኝተው፣ የቀሩትም በሳንቃና በስባሪ ላይ ሆነው ወደ ምድር ደረሱ። ስለዚህ ለምእመናን «ጸልዩ፣ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆንላችኋል» ብለን ቃል አንግባ። ሥራው፣ ቤቱ፣ ጤናውም ሊታጣ ይችላል። ይኸው ሐዋርያ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ከእስር ቤት ሲጽፍ ማግኘትንም ማጣትንም እንደ ተማረ ይናገራል (ፊልጵ. 4፥11-12)። ተማርሁ ማለቱ ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ የሚማር ሰው በአንድ ቀን አያውቅምና።

በሀገራችንም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይህን ትምህርት በእስር ቤት ተምሯል። የጎጃም መነኵሴና የመጻሕፍት ሰው የነበረው ይህ አባት በእርጅናው ዘመን በካቶሊካዊ እምነቱ ምክንያት ተይዞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ከተንገላታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳለ ዐረፈ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ብፅዕናው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ታወጀ። ሰንሰለቱ እስኪሞት ድረስ አልተፈታለትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ማታ ከመኝታ በፊት የነገን ሥራና የነገን ፍርሃት ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ለአከራዩ ነገ ሄዶ መናገር ሥራ ነው፤ አከራዩ ምን ይል ይሆን እያሉ ማንጋት ግን ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል ያለውን የጌታን ምክር መዘንጋት ነው (ማቴ. 6፥34)። እንቅልፍ ሲርቅ አንድ ምስጢር መቁጠሪያ መድገም፣ ማለዳ በቅዱስ ቁርባን ፊት ጥቂት መቀመጥ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥቶ ችግርን መተንፈስ፣ እነዚህ ሁሉ የጳውሎስ እንጀራ ናቸው። እንቅልፍ ማጣቱና የልብ ክብደቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ወደ ሐኪም እንሂድ። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምረናልና፣ መታከምን የእምነት ጉድለት የሚያደርጉ ሰዎችን አንስማ።

ያ መምህር ግብዝ አይደለም። ለሕፃናቱ «እኔም ትናንት ሌሊት ፈርቼ ነበር፤ ተነሥቼም ጸለይሁ፤ ዛሬም ላስተምራችሁ መጣሁ» ቢላቸው ትምህርቱ አይጎድልም። በሚቀጥለው ስብሰባችን 27ኛውን ምዕራፍ በሙሉ አብረን እናነባለን፤ ምዕራፉ ረጅም ስለሆነ ለሦስት ከፍለነዋል። የመጀመሪያውን ክፍል እንዲያነብልን እርሱን ጠይቀነዋል።