አራስ ልጅን ስትሮክ ይይዘዋል እንዴ?

ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ደም ግፊት ያለበት ትልቅ ሰው ነው። "አራስ ልጅንም ይይዛል" ስል ወላጆች በጣም ይደነግጣሉ። ግን እውነት ነው። በረጋ ደም ምክንያት የሚመጣው ዓይነት ከ2,500 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ ይታያል።

ምን ማለት ነው?
ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር በረጋ ደም ይዘጋል፤ አብዛኛው ይሄ ነው። አንዳንዴም ከአንጎል ደም የሚመልሰው ይዘጋል፣ ወይም የደም ሥር ፈንድቶ ደም ይፈሳል። ደም ያጣው ወይም ደም የፈሰሰበት የአንጎል ክፍል ይጎዳል።

መንስኤው ምንድን ነው?
• ከእንግዴ ልጅ ተነስቶ ወደ ሕፃኑ የሚሄድ የረጋ ደም
• ከልደት ጀምሮ ያለ የልብ ችግር
• እንደ ማጅራት ገትር ያለ ኢንፌክሽን
• ጡት በደንብ ባለመጥባት የሚመጣ የፈሳሽ እጥረት
• የደም መርጋት ችግር፣ ወይም የቫይታሚን ኬ እጥረት (ልጁ እንደተወለደ የሚሰጠው መርፌ ለዚህ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ)

ብዙ ጊዜ ግን ተመርምሮም ቁርጥ ያለ ምክንያት አይገኝም። እናቶች "ከባድ ነገር ስላነሳሁ ነው? ስላለቀስኩ ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። አይደለም። ጥፋቱ የእናት አይደለም፤ ቤተሰብም እሷን መውቀስ የለበትም።

በምን እናውቃለን?
አራስ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አፉ ተጣሞ ላይታይ ይችላል። ዋናው ምልክት በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚመጣ ማንቀጥቀጥ ነው፤ በተለይ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ እየደጋገመ ሲርገበገብ። ትንፋሽ ማቆም፣ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ፈጦ መቅረት፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍና ጡት እምቢ ማለትም አሉ።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ የሚርገበገበውን እጅ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ስትይዙት ካቆመ ብዙ ጊዜ ተራ መንቀጥቀጥ ነው፤ ተይዞም ካላቆመ የአንጎል ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከተቻለ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል። ክብሪት ማሽተት፣ በአፉ ውሃ ወይም ቅቤ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ምንም ሳያሳይ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ሁሌ በአንድ እጁ ብቻ ዕቃ ይይዛል፣ ሌላኛውን ይጨብጣል። "ግራኝ ሊሆን ነው" ብላችሁ አትለፉት! ልጅ 1 ዓመት ሳይሞላው እጅ አይመርጥም።

ወደፊትስ?
እንደ ጉዳቱ ቦታና ስፋት ይለያያል። አንዳንዶቹ ምንም ሳይቀርባቸው ያድጋሉ። ሌሎቹ ላይ የአንድ ጎን መድከም፣ የሚጥል በሽታ፣ የንግግር ወይም የትምህርት ችግር ሊቀር ይችላል። አንድ ጎናቸው የደከመ ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ይራመዳሉ። የሕፃን አንጎል ገና እያደገ ስለሆነ ፊዚዮቴራፒ በጊዜ ሲጀመር ብዙ ለውጥ ያመጣል። የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት ስለሌለ ጊዜ አታባክኑ።

አራስ ላለበት ቤት ሼር አድርጉት።