ሁለተኛው የኃይል መሰኪያ ኮምፒውተር ያፈጥናል?

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ዴስክቶፕ ልንገዛ ስንሄድ «ይሄኛው ማዘርቦርድ ለፕሮሰሰሩ ሁለት መሰኪያ አለው፤ ፈጣን ነው» እንባላለን። ዋጋውም በዚያው ይጨምራል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ባለ 8 ፒኑ መሰኪያ 12 ቮልት የሚያመጡ 4 ሽቦዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 7 አምፒር ቢሸከም 336 ዋት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ እንኳ በፋብሪካው ወሰን ከፍተኛው 253 ዋት ነው። ፕሮሰሰር የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ በር ስለበዛለት አይሮጥም። ተጨማሪው መሰኪያ የሚጠቅመው ከፋብሪካው ወሰን በላይ ለሚያስሮጡት ነው፤ ጭነቱ በብዙ ሽቦ ስለሚከፋፈል ሙቀቱ ይቀንሳል። እኛ ያን ብር ራም ብንጨምርበት ይሻለናል። ደግሞ ክፍት የቀረውን መሰኪያ ለመሙላት ብሎ የግራፊክስ ካርድ ገመድ በግድ የሚያስገባ አይጠፋም፤ የሽቦዎቹ አቀማመጥ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።